ለጠጕር የሚሆነው የሕንድ አገር ቅመም፤ ወዴት ይገኛል? በስንትስ ይገዛል?

የቤት አያያዝ ዓምድ

ጠጕር ለሰው ልጅ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጌጥ ነው። ይህን ጌጥ ባለጠጋውም ድኻውም በእኩል የተቀበለው ስለ ሆነ፥ ለአጠባበቁ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቀድሞ ከየደጁ የሚቈረጥ፥ ከየዱሩ የሚለቀም ነበረ። በአገራችን ቅቤው ከጓዳ፥ አደሱ ከጓሮ እንደሚገኝ ሁሉ፥ በሕንድ አገርም ማጠቢያው ከዱር፥ ቅባቱ ከጓሮ ይመጣ ነበረ። ዛሬ ግን ይኸው የዱር ፍሬ በጌጠኛ ጠርሙስ ተሞልቶ፥ ስሙ በወርቅ ቀለም ተጽፎበት፥ ባሕር ተሻግሮ በመደብር ይታያል። ዋጋውን ጠይቆ ዝም ብሎ የሚመለሰው ገዢም ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። የሕንድ እናቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት የጠጕር አጠባበቅ ዛሬ ወዴት ይገኛል? በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብስ ይችለዋል ወይስ አይችለውም? ነገሩ የሴቶች ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር፥ በዚህ ጥቂት ፍሬ ውስጥ የዱር ለቃሚው እንጀራ፥ የመንግሥት ግብር፥ የፍርድ ቤት ክርክርና የቤት ጤና እንደሚገኙበት እስከ መጨረሻው ድረስ ቢያነብ ይረዳዋል። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ዕቃዎቹን በየስማቸው እንወቅ። የመጀመሪያው ሺካካይ ይባላል። ከግራር ወገን የሆነ፥ እሾህ ያለው ሐረግ ሲሆን፥ የሚፈለገው ከነፍሬው የሚደርቀው ቡናማ ቈባው ነው። ስሙ በደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች «የጠጕር ፍሬ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሪታ ነው። ይህ የዛፍ ፍሬ ሲሆን ደርቆ ሲጨመደድ ትንሽ ለውዝ ይመስላል፤ ልጣጩ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ሦስተኛው አምላ ነው፤ አረንጓዴ ወደ ብጫ የሚያደላ፥ እጅግ የሚኮመጥጥ ክብ ፍሬ ነው። ደርቆና ተፈጭቶ ለማጠቢያ ይጨመራል፥ በዘይት ተነክሮም ለቅባት ይሆናል። ከእነዚህም በኋላ ብርንግራጅ የሚባለው ቅጠል፥ የኒም ቅጠል፥ የሒና ቅጠልና የኮኮናት ዘይት ይከተላሉ። በሰሜኑ ክፍል የሰናፍጭ ዘይት፥ በታሚሎች አገር የሰሊጥ ዘይት፥ በኬረላና በሌላውም ባሕር ዳር የኮኮናት ዘይት ለጠጕር መቀባት የቈየ ልማድ ነው። በታሚል ናዱ በዲፓቫሊ በዓል ማለዳ፥ ጎሕ ሳይቀድ የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን በሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ይታጠባል።

እዚህ ላይ ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ሺካካይና ሪታ አረፋ የሚያወጡት ሳፖኒን የተባለ ነገር ስላላቸው ነው። ይኸው ሳፖኒን በአገራችን እንዶድ ውስጥ ይገኛል። እንዶድ በትግርኛ ሽብጢ ይባላል፤ እናቶቻችን ነጭ ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ስላዩ፥ እንዶድ የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለማወቅ በቁ። ስለዚህ ሕንዳዊቱና ሐበሻዪቱ ሳይተዋወቁ፥ በአንድ ዓይነት የተፈጥሮ ሳሙና ሲገለገሉ ኖረዋል ማለት ነው። ዳሩ ግን ወንድማማች ናቸው ተብሎ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለራስ ቅል አይደለም፤ ለዓይንም ብርቱ ጠንቅ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ እነዚህ ነገሮች ወዴት ይገኛሉ? በሕንድ ሰሜን «ፓንሳሪ» የሚባል የቅመማ ቅመምና የሥር መድኃኒት ነጋዴ በየሰፈሩ አለ። በታሚሎች አገር ደግሞ «ናቱ መሩንዱ ከዳይ» ይሉታል፤ የአገር መድኃኒት ሱቅ ማለት ነው። በእነዚህ ሱቆች ሺካካዩ ከነቈባው፥ ሪታው ከነፍሬው፥ አምላው ተሰንጥቆ ደርቆ በጆንያ ተከፍቶ ይታያል፤ ገዢዋም በእጅዋ ዘግና፥ አሽትታ፥ በሚዛን አስመዝና ትወስዳለች። በዴልሂ ከተማ የታወቀው የጅምላ ገበያ ካሪ ባውሊ ይባላል። ትርጕሙ ጨዋማ ውሃ ያለው ደረጃማ ጕድጓድ ማለት ነው። በ1650 ከንጉሥ ሻህ ጃሃን ሚስቶች አንዷ ባሠሩት በፈተህፑሪ መስጊድ አጠገብ ይገኛል። ዛሬም ቢሆን በርበሬውና ሄሉ፥ አምላውና ሪታው በዚያ በጆንያ ይሸጣል። በካሪ ባውሊ በኪሎ የሚመዘነውና በውጭ አገር በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ዕቃ በመሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ወፍጮው፥ እሽጉ፥ መጓጓዣው፥ ማስታወቂያውና የነጋዴው ትርፍ ናቸው።

ከሱቁ ወደ ኋላ ስንሄድ ዱር ላይ እንደርሳለን። በካርናታካ ክፍለ ሀገር በቢሊጊሪ ራንጋና ኮረብታዎች ሶሊጋ የሚባሉ የዱር ነዋሪዎች አሉ። አምላ፥ ሺካካይና ማር ለቅሞ መሸጥ ከቈየ መተዳደሪያቸው አንዱ ነበረ። መንግሥት በ1972 ባወጣው የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግና በኋላም በተጨመረው ማሻሻያ ምክንያት፥ ከተከለለው ዱር ለንግድ መልቀም ተከለከለና ብዙ ቤተ ሰብ የገንዘብ መግቢያውን አጣ። ከዚያ በ2006 የዱር ነዋሪዎችን መብት የሚያውቅ ሕግ ወጣ፤ በዚሁም ሕግ መሠረት ሶሊጋዎች በ2011 በማኅበር በዱሩ የመጠቀም መብታቸው ታወቀላቸው። አንባቢ ሆይ፥ በመደብር ውስጥ «ከንጹሕ ዱር በእጅ የተለቀመ» የሚል ጽሑፍ ስታይ፥ ያ እጅ የማን እንደ ሆነና ከዋጋው ስንት እንደ ደረሰው መጠየቅ ይገባሃል። ዕቃ ሲወደድ የለቃሚው ድርሻም አብሮ ያድጋል ማለት አይደለም። ሰንሰለቱ በረዘመ ቍጥር ትርፉ በመካከል ይቀራልና።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ይባላል፤ በሕንድ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። በጓሮ ያለው ነገር ተንቆ ሳለ፥ በጠርሙስ የገባው ይከበር ጀመር። ይህ ለውጥ ዛሬ የመጣ አይደለም። በካልካታ ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጠጕር ዘይት ንግድ ደራ። ሄሜንድራ ሞሃን ቦስ የተባሉት ነጋዴ «ኩንታሊን» ለተባለው የጠጕር ዘይታቸው ማስታወቂያ እንዲሆን የድርሰት ሽልማት አቋቋሙ። በ1896 ሽልማቱን ያገኙት ሌላ ሰው ሳይሆኑ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነበሩ። ድርሰታቸውም አንድ ጠርሙስ የጠጕር ዘይት በባሕር ላይ ፈስሶ አውሎ ነፋስን ጸጥ እንዳደረገ የሚተርክ ነው። የጠጕር ዘይት በሳይንስ ሊቅ ብዕር እንኳ እንዲህ ተከብሮ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። በ1884 በዚያው በካልካታ የተመሠረተው ዳቡር የተባለው ኩባንያም በ1940 የአምላ የጠጕር ዘይት በገበያ አወጣ፤ ይህም እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሸጣል።

ሌላው አስደናቂ ነገር የቃሉ ጕዞ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገረው «ሻምፖ» የሚለው ቃል ከሕንድኛ የተወረሰ ነው፤ ሥሩም መጫን፥ ማሸት ማለት ነው። በ1759 በፓትና የተወለዱት ሼክ ዲን ማሆመድ የተባሉ ሕንዳዊ በ1814 በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያና የመታሻ ቤት ስለ ከፈቱ ቃሉ በዚያ ታወቀ። ቃሉ መጀመሪያ ገላ ማሸትን ሲያመለክት ቈይቶ፥ በኋላ ራስን ለማጠብ፥ ከዚያም ለማጠቢያው ፈሳሽ ስም ሆነ። እንግዲህ ቃሉ ከሕንድ በመታሻነት ወጥቶ፥ በጠርሙስ ፈሳሽ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ፈሳሹ ሲመለስ ግን ለድኻው የሚደረስበት አልነበረም፤ አንድ ጠርሙስ ለመግዛት በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልግ ነበርና። ይህን ችግር የፈታው ትንሹ የላስቲክ እሽግ ነው። በታሚል ናዱ በከደሉር ከተማ ቺኒ ክሪሽናን የተባሉ ሰው ፈሳሽን በትናንሽ እሽግ መሸጥን አስፋፉ። ልጃቸው ሲ. ኬ. ራንጋናታን በ1983 በ15,000 ሩፒ ብቻ የራሳቸውን ሥራ ጀምረው «ቺክ» የተባለውን ሻምፖ በእሽግ ለገጠሩ ሕዝብ አደረሱ። የአንድ ቀን ሠራተኛ ሚስት ለአንድ ጊዜ የሚበቃትን ሻምፖ በአንድ ሩፒ መግዛት ቻለች። ይህም ትልቅ ነገር ነው። የሺካካይ ፍሬ እስኪነከር፥ እስኪፈላና እስኪጣራ የሚጠፋው ጊዜ ለሠራተኛ ሴት ገንዘብ ስለ ሆነ፥ እሽጉን የመረጠች ሴት ባህልዋን ናቀች ተብላ ልትወቀስ አይገባትም።

ሆኖም የእሽጉ ነገር ሌላ ዕዳ አለው። እሽጉ ከልዩ ልዩ ስስ ንጣፎች ተጣብቆ የሚሠራ ስለ ሆነ መልሶ ለሥራ ለማዋል አስቸጋሪ ነው። የሕንድ መንግሥት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ አንዳንድ የላስቲክ ዕቃዎችን ሲከለክል፥ የሻምፖ እሽግ በክልከላው ዝርዝር አልገባም። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ሩፒ የተቈጠበበት ዕቃ በየወንዙና በየቦዩ ተከማችቶ ይቀራል። የእሽጉን ርካሽነት ስናመሰግን ይህን ዕዳ አለመርሳት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ አንባቢ ይህ ክፍል ሳይጠቅመው አይቀርም። የኮኮናት ዘይት በሕንድ ይበላልም፥ ለጠጕርም ይቀባል። የምግብ ዘይት ግብሩ ከመቶ 5 ሲሆን፥ የጠጕር ዘይት ግብሩ ከመቶ 18 ነበረ። እንግዲያው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ምግብ ነው ወይስ የጠጕር ቅባት? ግብር ሰብሳቢዎቹ «ጠርሙሱ ትንሽ ስለ ሆነ ለጠጕር ነው» አሉ፤ ነጋዴዎቹ «ዘይቱ የሚበላ ነው» ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ ለዓመታት ሲጓተት ቈይቶ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ሁለት ዳኞች በአሳብ ተለያዩ። በመጨረሻም በዲሴምበር 2024 ሦስት ዳኞች በተቀመጡበት ችሎት፥ ለጠጕር ነው ተብሎ ካልተጻፈበትና እንደዚያ ካልታሸገ በቀር፥ የጠርሙሱ ማነስ ብቻውን ዘይቱን የጠጕር ዘይት እንደማያሰኘው ተፈረደ። ከዚያም መንግሥት ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ በጠጕር ዘይትና በሻምፖ ላይ የነበረውን ግብር ከመቶ 18 ወደ ከመቶ 5 አወረደው። ይህም ማለት ከግብር በፊት 100 ሩፒ የሚያወጣ የጠጕር ዘይት 118 ሩፒ ይሸጥ የነበረው 105 ሩፒ ሊሸጥ ይገባዋል ማለት ነው።

ነገር ግን የግብር መቀነስ ብቻውን ዕቃን አያረክስም። በዚያው በ2025 ዓመት በኬረላ የአንድ ሊትር የኮኮናት ዘይት ዋጋ ከ400 ሩፒ በላይ ወጥቶ ነበር። ኮኮናት ከሚበቅልበት አገር፥ ዛፉ ከደጅ ካለበት ሰፈር ዘይቱ እንዲህ ሲወደድ፥ ችግሩ የባዕድ ገዢ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። ያን ጊዜ ብልኋ እመቤት የምታደርገው ቅባቱን ማሳነስ ነው። ዘይት ስለ በዛ ጠጕር አይበልጥም፤ ጥቂቱን በእጅ መዳፍ አሙቆ ከመታጠብ በፊት የጠጕሩን ጫፍ ማስነካት ይበቃል።

ስለ ዘይቱ ጥቅም እውነቱን እንናገር። በ2003 የታተመ አንድ ምርመራ የኮኮናት ዘይት ወደ ጠጕሩ ውስጥ ዘልቆ እንደሚገባና ጠጕር ሲታጠብ የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቶአል፤ ከማዕድን ዘይትና ከሱፍ ዘይት ጋር ተነጻጽሮ የተሻለው እርሱ ሆነ። ምርመራውን ያደረጉት ሰዎች ግን የኮኮናት ዘይት በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ እንደ ነበሩ አብሮ ማወቅ ይገባል። ጠጕርን ከመሰባበር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የረገፈን ጠጕር ማብቀል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «በሠላሳ ቀን መላጣን ያለብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ ሁሉ በጥርጣሬ ተመልከቱት። ጠጕሩ በድንገት ወይም በብዛት የሚረግፍበት ሰው ገንዘቡን ለሐኪም ይክፈል እንጂ ለነጋዴ አይክፈል።

የዋጋን ነገር ለመመዘን የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ፤ እርሱም የዕቃውን ዋጋ በጠርሙሱ ሳይሆን በእጥበቱ ልክ ማስላት ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እንበል። አንዲት እመቤት በጌጠኛ ቆርቆሮ የታሸገ 200 ግራም የሺካካይ ዱቄት በ120 ሩፒ ገዛች። ለአንድ እጥበት 20 ግራም ቢያስፈልጋት ዱቄቱ ለአሥር ጊዜ ይበቃታል፤ ስለዚህ የአንዱ እጥበት ዋጋ 12 ሩፒ ነው። ጎረቤትዋ ያልተፈጨውን ቈባ 200 ግራም ከፓንሳሪ በ60 ሩፒ ብትገዛ የአንዱ እጥበት ዋጋ 6 ሩፒ ይሆናል። ሦስተኛዪቱ ሁለት የሻምፖ እሽግ በሁለት ሩፒ ትገዛለች። በወር አራት ጊዜ ቢታጠቡ የመጀመሪያዪቱ 48፥ ሁለተኛዪቱ 24፥ ሦስተኛዪቱ 8 ሩፒ ያወጣሉ። ከዚህ የምንረዳው ነገር ያሳዝናል፤ ቀድሞ የድኻ የነበረው ማጠቢያ ዛሬ ከፋብሪካው ሻምፖ በልጦ ሊወደድ ይችላል። ዳሩ ግን ደግሞ ያልተፈጨውን የሚገዛና በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው በግማሽ ዋጋ ሊጠቀም እንደሚችል ስሌቱ ያሳያል።

አዘጋጀጀቱም አስቸጋሪ አይደለም። 50 ግራም የሺካካይ ቈባ፥ ፍሬው የወጣለት 25 ግራም የሪታ ልጣጭና 25 ግራም የደረቀ አምላ በአንድ ሊትር ውሃ ሌሊቱን ይነከራል። በማግሥቱ ውሃው ጠቆር እስኪልና ቈባው እስኪለሰልስ ድረስ በዝግታ ይፈላል። ከበረደ በኋላ በእጅ ታሽቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። በተጠለለው ውሃ ራስን እያሹ መታጠብና በብዙ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። አረፋው እንደ ሻምፖ አረፋ አይበዛም፤ አረፋው ማነሱ ግን አልጠራም ማለት አይደለም። ወደ ዓይን ከገባ እጅግ ስለሚያቃጥል ዓይንን መጨፈን፥ ሕፃናትንም በጥንቃቄ ማጠብ ያስፈልጋል። የተረፈው በማቀዝቀዣ ለሁለት ቀን ያህል ይቀመጣል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። ደረቁን ቈባ ደግሞ እርጥበት በማይገባው ጣሳ ከድኖ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ጥራት ስናስብ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ይጠቅመናል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ሺካካዩ ከአሸዋ ወይም ከሌላ ቅጠል ጋር ቢደባለቅ ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ሳይፈጭ መግዛት ይሻላል። የአምላ ዘይት የሚል ጠርሙስ ሲገዛም ፊት ለፊት ያለውን ሥዕል ትቶ በስተኋላ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ነው። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው «ላይት ሊኲድ ፓራፊን» ወይም «ሚኔራል ኦይል» ከሆነ፥ በጠርሙሱ ውስጥ በብዛት ያለው የማዕድን ዘይት ነው፤ አምላው ጥቂት ነው። የማዕድን ዘይት መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን በአምላ ዋጋ ሊሸጥ አይገባውም።

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሒና ነው። ንጹሕ ሒና ከቅጠል የሚገኝ ሲሆን ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ብቻ ነው። ሥራው የአገራችንን እንሶስላ ይመስላል፤ ተክሉ ግን ሌላ ነው። በሕንድ የራጃስታን ክፍለ ሀገር ከተማ የሆነችው ሶጃት በሒናዋ የታወቀች ናት። ጥቁር ሒና የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን የሚባል የፋብሪካ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ይህም ቈዳን አቃጥሎ ውሃ ሊያስቋጥርና ለዘለቄታ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ጠጕሩን በተፈጥሮ ማጥቈር የፈለገ ሰው ከሒና በኋላ የኒል ቅጠል ዱቄት ይጠቀማል። ደግሞም ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው የደም ኤንዛይም በሚጐድላቸው ሰዎች፥ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፥ ንጹሕ ሒና ቢሆን እንኳ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ጕድለት ወባ በቈየባቸው አገሮች ሕዝብ ዘንድ ይበዛል። ስለዚህ ማናቸውንም አዲስ ነገር አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን ያህል መጠበቅ ይገባል፤ ሕፃናትን ሒና መቀባት ደግሞ ፈጽሞ መተው ይሻላል።

ከሕንድ ውጭ ያለ ሰውስ ምን ያድርግ? ሕንዳውያን በሄዱበት ሁሉ የቅመም ሱቃቸው ተከትሎአቸዋል። ከ1896 እስከ 1901 የዩጋንዳ ምድር ባቡር ሲሠራ 32,000 ያህል ሠራተኞች ከሕንድ መጥተው ነበር፤ ብዙዎቹ ቢመለሱም ጥቂቶቹ በምሥራቅ አፍሪቃ ቀሩ፤ ነጋዴዎችም በረከቱ። ስለዚህ በሞምባሳና በናይሮቢ የሕንድ ቅመም ሱቅ ብርቅ አይደለም። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ ከዩጋንዳ እንዲወጡ ሲያዝዝ፥ ከተሰደዱት ብዙዎቹ በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ሠፍረው ሱቃቸውን በዚያ ከፈቱ። በዱባይ፥ በሎንደንና በኒው ዮርክ ያሉ የአገራችን ልጆችም ሺካካይና አምላ ሲፈልጉ፥ ከውበት ዕቃ መደብር ይልቅ ወደ ሕንዳውያን የእህልና የቅመም ሱቅ ቢሄዱ ያንኑ ዕቃ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ያገኙታል። በሱቁም ስሙን ማወቅ ገንዘብ ነው፤ «የተፈጥሮ የጠጕር ውበት ዱቄት አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅና «ሪታ ስጡኝ» የሚል ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከባሕር ማዶ መፈለግ አያሻውም። ሕንዶች «መቲ» ብለው ለጠጕር የሚለቀልቁት ፍሬ ከእኛው ጓዳ የማይጠፋው አብሽ ነው፤ በትግርኛም ኣባዕከ ይባላል። ሌሊቱን ነክሮ በማግሥቱ አልሞ፥ ለግማሽ ሰዓት ያህል በራስ ላይ አቆይቶ መታጠብ በሕንድ የተለመደ ነው። የሰሊጥ ዘይትም ቢሆን ሰሊጥ አምራች ለሆነ አገር እንግዳ አይደለም። የሕንድን ልማድ መውደድ ማለት ዕቃውን ሁሉ ከሕንድ ማስመጣት ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ሕንዳዊቱ አያት እንዳደረገችው በአቅራቢያ ያለውን ነገር ጠባዩን አውቆ መጠቀም ማለት ነው።

በመጨረሻም አንባብያን ይህን ሦስት ነገር እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። ያልተፈጨውን ግዙ፤ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ፤ ዋጋውን በእጥበት ልክ አስሉ። ጊዜ የሌላት እናት በሻምፖ ብትታጠብ አታፍርም፤ ጊዜ ያላትም ሺካካይዋን ብታፈላ ኋላ ቀር አትባልም። የሚያሳፍረው ለቃሚው ሳይጠቀም፥ ገዢው ሳይመረምር፥ መካከለኛው ብቻ የሚከብርበት ንግድ ነው። ዱሩ ለቃሚውን፥ ፍሬው ገዢውን ሳይጐዳ የሚደርስበትን መንገድ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ፥ የነጋዴውም ጠባይ ይሻሻላል።